ከሰጪው በፊት የሰጠው

ጥር ነው፤ ሰሜን ዳኮታ፤ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣
ትንፋሽ ከአፍ ሳይርቅ የሚደርቅበት።
ከኮሌጁ አዳራሽ ማዶ የስንዴ ጎተራ፣
ከጎተራው ማዶ ባዶ ሜዳ፣
ከባዶው ሜዳ ማዶ ነፋስ ብቻ ሲያጓራ።
ብሩስታድ ቀድሞናል። መብራቱን ግማሹን አብርቷል፤
ሰፊውን መወልወያ ይዞ ወለሉን ይገፋል፣
ከጥግ እስከ ጥግ፣ እንደሚያርስ ሰው፣ ትልም በትልም፤
አግዙኝ አይልም።
በሦስተኛው ሳምንት ግን እጁን አጣጥፎ የሚያይ ከመካከላችን አልነበረም።

«ያገባውን» አለን፣ «ሰሌዳው ይቆጥረዋል፤
ያቀበለውንም የከተማው ጋዜጣ ይጽፈዋል።
እኔ የምፈልገው
ከሰጪው በፊት የሰጠውን ነው።»
ከጨዋታ በኋላ፣ ብናሸንፍም ብንሸነፍም፣
በእህል መደብር ደረሰኝ ጀርባ፣ በእርሳስ፣ አንድ ስም፤
ልብስ መቀየሪያው በር ላይ ይለጥፋል።
ለምን እንደሆነ አይናገርም፤ ባለስሙ ራሱ ያስባል።

ማክሰኞ ማክሰኞ ኳስ ማንጠር አይፈቀድም፤
አርባ ደቂቃ ሙሉ ኳሷ መሬት አትነካም።
«ጣታችሁን ፍቱ! የተጨበጠ እጅ
አያቀብልም፤ አይቀበልም።»
ቴሮን ጋድሰን፣ የሚልዋኪው፣
ብቻውን ሠላሳ ነጥብ የማይከብደው፣
አንዱን ማክሰኞ ገንፍሎ በእግሩ ለጋት፤
ከመቀመጫዎቹ ሁሉ በላይ፣ ወደ መጨረሻው ረድፍ ሰደዳት።
ብሩስታድ አልጮኸም። ወጣ፣ በዚያ በታመመ ጉልበቱ፤
አንድ ደረጃ፣ ቆም። ሌላ ደረጃ፣ ቆም።
ቀጭ ሲል ይሰማል አጥንቱ።
አምጥቶ ሰጠው።
«ይህቺን ኳስ» አለው፣ «ላቀብልህ ስል አሞኛል፤
እንግዲህ ለማን እንደምትሰጣት ማሰብ ያንተ ይሆናል።»

እኔ ዴል ሆቭላንድ ነኝ፣ የአሳማ አርቢ ልጅ፣ የወንበሩ ጫፍ ደንበኛ፤
ማልያዬ ላብ ሳይነካው ይታጠባል፣
ሲሰቀል ከሁሉ ነጭ፣ ከሁሉ ብቸኛ።
ሌላው እራት ፍለጋ ሲበተን፣ በሩጫ፣ በጫጫታ፣
ቴሮን ይወረውራል፤ እኔ እለቅማለሁ፣ መልሼ አቀብላለሁ፣
ዘበኛው ቁልፉን እስኪያንቃጭል፣ እስከ ሦስት ሰዓት ማታ።

መጋቢት። ዌስትሃም ከተማ። በአንድ ነጥብ ተመርተናል።
ሰባት ሰከንድ ቀርቷል።
ሁለቱ ተጎድተው፣ አንዱ በጥፋት ወጥቶ፣ ዕጣው እኔ ላይ ወድቋል።
ሦስት ሰው ቴሮንን ከቦታል።
አየኝ። ጥጉ ላይ፣ ብቻዬን።
ሰጠኝ።
እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ በዚህስ ማንም አይክሰሰኝ።
ኳሷ ብረቱን ሁለቴ ዞረች፤
ልግባ አልግባ እንደሚል እንግዳ፣ ደጃፉ ላይ አመነታች፤
ወጣች።

አራት ሰዓት የአውቶቡስ መንገድ። በረዶ። ዝምታ።
መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «ስቻለሁ» አልኩት።
መስኮቱን በእጅጌው ጠረገ፣ ውጭውን አየ ለአፍታ።
«ኳሷ መሄድ ያለባት ቦታ ሄዳለች» አለ፤
«ሌላው የብረቱ ጉዳይ ነው።»
በማግስቱ በሩ ላይ ደረሰኝ፤
የተጻፈው የኔ ስም ነው።

ምጽዋት መሰለኝ። ቀደድኩት።
እነዚያን ማታዎች እንደቆጠረልኝ
ዘግይቼ፣ በጣም ዘግይቼ ተረዳሁት፤
ቧንቧ ስበይድ፣ ለአንድ ጀማሪ ልጅ መፍቻ ሳቀብል፣
ልጁም ለሌላው ሲያቀብል አየሁና
እጄ አየር ላይ ቀረ።
ብሩስታድ ያኔ አፈር ከለበሰ ስድስት ዓመቱ ነበረ።
ደረሰኙ ዛሬ ቢኖረኝ ብዬ፣ ስንት መሳቢያ ገለበጥኩ፣
ራሴ እንደቀደድኩት እያወቅኩ።

ቴሮን በየመጋቢቱ ይደውላል።
«ዛሬም ቢሆን ላንተ ነው የምሰጥ» ይለኛል።
«ዛሬም ቢሆን እስታለሁ» እለዋለሁ።
ከዚያ ሁለታችንም ዝም፤
በስልኩ ውስጥ የሱ ነፋስና የኔ ነፋስ
ሲቀባበሉ እሰማለሁ።